ሬዲዮኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ?



ባለፈው ሰሞን ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መንገዱ እንደለመደው ተዘጋግቷል። ሾፌሩ ዘፈኑን ትቶ በፍላሽ የያዘውን ትረካ ከፍቷል። ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ። ምን ልበላችሁ፣ ታክሲው ውስጥ አንድም የሚያጉረመርም ሰው አልነበረም። ረዳቱ እንኳ ሂሳብ የሚቀበለው በምልክት ሆኗል።

አጠገቤ የተቀመጠች ባለዩኒፎርም ተማሪ የጆሮ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ነቀለች። ትንሽ አዳመጠችና፣

«ጋሼ፣ ስንት ሰዎች ናቸው የሚያወሩት?» አለችኝ።

«አንድ ሰው ነው።»

«አንድ? የልጅቷንም? የሽማግሌውንም?»

«የሁሉንም።»

አላመነችኝም። «እየቀለዱብኝ ነው» በሚል ዓይን አየችኝና ማዳመጫዋን መልሳ ወሸቀችው። ልብ ብዬ ሳያት ግን የስልኳን ዘፈን አጥፍታዋለች።

እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። የሳቅሁት በልጅቷ አይደለም። የዛሬ አርባ ዓመት ግድም፣ አርብ ገበያ፣ እኛ ቤት፣ ይህንኑ ጥያቄ የጠየቁ ሌላ ሰው ትዝ ብለውኝ ነው። እሳቸውም አላመኑም ነበር። አባቴ ናቸው።

አርብ ገበያን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አልፎ ወልድያ የሚወርደው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ አለ አይደል? እሱን ትታችሁ ወደ ደቡብ ስትገቡ ታገኟታላችሁ። ስማዳ ጎረቤቷ ነው። እስቴ ከስማዳ ወዲያ ነው። በሺሎን የተሻገረ ወሎ ይገባል፤ ዓባይን የተሻገረ ጎጃም። ስሟ እንደሚነግራችሁ ዓርብ ዓርብ ገበያ ይቆምባታል። የቆላው ሰው ማሽላውንና ማሩን፣ የደጋው ሰው ገብሱንና በጉን ይዞ ይመጣል። ደላላው ይጮሃል፣ አህያው ይጮሃል፣ ጨው ሻጯ ትምላለች። እኔ ያደግሁት በዚህ ጫጫታ ውስጥ ነው።

አባቴ ገበሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ግን ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ጀምረው ነበር። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ ተምሬያለሁ የሚል ሁሉ ከየአገሩ መጥቶ የሚመሰክረው እዚያ ነው። አባቴ ግን አባታቸው ሲሞቱባቸው ትምህርቱን አቋርጠው ሞፈር ጨበጡ። ድጓው ባይዘልቅላቸውም ጆሮው ቀረላቸው። ድምፅ ያውቃሉ። ዲያቆን ቅዳሴ ላይ ሲሳሳት ከሁሉ ቀድሞ ፊታቸው የሚከፋው የሳቸው ነው።

በሰፈራችን የመጀመሪያው ሬዲዮ እኛ ቤት ገባ። አባቴ ወይፈን ሸጠው ያመጡት ነው። እናቴ ከነጠላ ቁራጭ ልብስ ሰፋችለት። በዚያን ጊዜ ከእኔ ይልቅ ሬዲዮኑ ደህና ለባሽ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ፀሐዩም ሲያቅተው በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገዋለን። ያኔ የሬዲዮ ድንጋይ ያልነከሰ የገጠር ልጅ ካለ እሱ የሀብታም ልጅ ነው።

በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የሚል ዝግጅት ነበረው። ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ የተረከው በዚያ ነው። ትረካው በሚመጣበት ማታ ቤታችን ይሞላል። ወንዶቹ መደብ ላይ፣ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ጓዳው ደጃፍ፣ እኛ ልጆች መሬት። መናገር ክልክል ነው። ማሳል የሚፈቀደው ለሽማግሌ ብቻ ነው።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁሉ አድማጭ ውስጥ መጽሐፉን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ግን ፊታውራሪ መሸሻን ሁሉም ያውቃቸዋል። እንዴት አያውቃቸው? የእኛ አገር ባላባት ናቸው እኮ! ያ ግትርነት፣ ያ ኩራት፣ ያ ባዶ ቁጣ። ጉዱ ካሣንም እናውቀዋለን። በየአገሩ ሰው የማይደፍረውን የሚናገርና «ጉድ» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። በዛብህን ደግሞ ከሁሉም በላይ እናውቀዋለን። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ አኩፋዳ ይዞ አገር ያቋረጠ የቆሎ ተማሪ የሌለው ቤት የት አለ? ታሪኩ የዓባይ ማዶ ታሪክ ነው፤ የጎጃም። የእኛ ሰዎች ግን ማዶ መሆኑን ረስተውታል።

አንድ ማታ ትረካው ሲያልቅ አባቴ ሬዲዮኑን ዘጉና፣

«ለመሆኑ ሬዲዮኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አሉ።

ክርክር ተጀመረ። አንዱ አምስት አለ፤ ሌላው ስድስት። የጎረቤታችን ሚስት «ሰብለ ወንጌልን የምትናገረዋ የጨዋ ልጅ ናት፤ ድምጿ ያስታውቃል» አለች። የከተማ ትምህርት ቤት ያየ አንድ አስተማሪ ነበርና «አንድ ሰው ነው፤ ወጋየሁ ይባላል» ቢል ሁሉም ሳቁበት። አባቴ የፈረዱት እንዲህ ብለው ነው፦

«አንድ ሰው ግዕዙንም ዕዝሉንም አራራዩንም ሊያዜም ይችላል። እሱን አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ጌታም ጭሰኛም ወንድም ሴትም መሆን አይቻለውም። ትንፋሹ አይበቃውም።»

ልብ በሉልኝ፣ አባቴ የተሳሳቱት ስላልገባቸው አይደለም። ከሁላችንም ይልቅ የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ድምፅ ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚጠይቅ ስለሚያውቁ ነው ያላመኑት።

ዛሬ ደግሜ ስሰማው ነገሩ የገባኝ ይመስለኛል። ወጋየሁ ሴት ለመምሰል ጉሮሮውን አያቀጥንም። ትልቁን ሰው ለማምጣት ድምፁን አያጎረናም። የሚቀይረው ፍጥነቱንና ትንፋሹን ነው። ፊታውራሪው ሲናገሩ ቃሉ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፤ ድሃው ሲናገር ቃሉ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ሜካፕ የለ፣ አልባሳት የለ፣ መድረክ የለ፣ መብራት የለ። አንድ ማይክሮፎንና አንድ ሰው። እኛ ደግሞ በዚህ ወገን ኩራዝ አብርተን አንድ አገር ሕዝብ እናያለን።

አሁን ወደ ታላቅ ወንድሜ ልምጣ። «አያ» ነው የምለው።

አያ ሰው መሆን ያውቅበት ነበር። «መምሰል» አላልኩም፤ መሆን። ዓርብ ከገበያ ሲመለስ ገበያውን ይዞት ይመጣል። ጨው ሻጯ ስትምል፣ የበቅሎው ደላላ የበቅሎዋን ጥርስ ከፍቶ ዕድሜዋን በግማሽ ሲቀንስ፣ የወረዳው ጸሐፊ ከቀረጥ ደረሰኙ ቀና ሳይል «ቀጥል!» ሲል። ትከሻውን ትንሽ ዝቅ ያደርግና በቃ፣ አያ ጠፍቶ ሰውዬው ቆሟል። እናቴ ቡና እየቆላች ትንፈቀፈቃለች። አባቴ በሌሉበት ነው ታዲያ!

በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ቴአትር አዘጋጀ። የዚያን ጊዜ ቴአትር ታውቁታላችሁ፤ አንድ ጀግና አርሶ አደር አለ፣ አንድ አድኃሪ ባላባት አለ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል። ጀግናውን ለመሆን ሰው ተሻማ። ባላባቱን የሚሆን ጠፋ። ማን መሰደብ ይፈልጋል? አያ «እኔ እሆናለሁ» አለ።

ሆነም። ጀግናው ምን እንዳለ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ባላባቱ ግን ዱላውን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንድ እግሩን ጎተት እያደረገ ሲገባ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ለካስ አያ የወሰደው የአንድ እውነተኛ ሰው አካሄድ ነው። መሬታቸው የተወረሰባቸው፣ በሽምግልና የሚኖሩ፣ የራሱ የአያ የክርስትና አባት! እሳቸውም ከሕዝቡ መሐል ቆመዋል። ሳቁ በመሐል ቆመ። ምክንያቱም አያ ሰውዬውን ብቻ አይደለም ያመጣው፤ መሬታቸውን ሲነጠቁ የወደቀባቸውን ኀዘንም አብሮ አመጣው። የተሳደበ መስሎ አስለቀሰ። ካድሬው ግራ ገባው። እያጨበጨበ ይሁን እየተቆጣ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ሽማግሌው ሲወጡ አያን አስቁመው «አንተ ልጅ፣ ከኔ ይልቅ እኔን ትመስላለህ» አሉት። ይቅርታም ነው፣ ምርቃትም ነው።

አባቴ ግን አልመረቁም። ማታ ቤት ሲገባ ቆመው ጠበቁት።

«አዝማሪ ልጅ አልወለድኩም» አሉ።

«አባ፣ ቴአትር እኮ ነው።»

«የሰው ልብስ ለብሶ፣ የሰው አፍ አውጥቶ ሰው ፊት የሚቆም አዝማሪ ነው። የክርስትና አባትህን አስቀህባቸዋል። ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

የአውራጃው ኪነት አያን ነፋስ መውጫ ሊወስደው ፈልጎ ነበር። አባቴ ከለከሉ። እናቴ ለመነች፣ የክርስትና አባቱም ለመኑ፤ ወይ ፍንክች! አያ ቀረ። ዓመቱ ደግሞ የከፋ ዓመት ነበር። እህል ከገበያው ጠፋ። ጋይንት በረሃብ ስትታመስ የቴአትር ነገር ማን ያነሳል? አያ አፉን ዘጋ። ካለፈ በኋላም አልከፈተውም። እህል ነጋዴ ሆነ። ሚዛን ይዞ የሚቆመው ደግሞ እዚያው ሁሉንም ሰው ከሚያውቅበት ገበያ መሐል ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲሆን ሬዲዮኑ አልተዘጋም። ልጃቸውን «አዝማሪ» ብለው የከለከሉት አባቴ በትረካው ማታ ጆሯቸውን ሬዲዮኑ ላይ ይለጥፋሉ። ጉዱ ካሣ ሲናገር «አበጀህ!» ይላሉ። አያ ደግሞ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። አይስቅም፣ አያወራም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። እኔ አይቼዋለሁ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይሏል ይሄ ነው።

እስኪ ስለ ወጋየሁ ትንሽ ላውራችሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል በኩል ወደ ሙያው ገባ። ከጓደኛው ከደበበ እሸቱ ጋር ሃንጋሪ ተልኮ ቴአትር ተማረ። ተመልሶ በመድረክ ላይ ከዘመኑ ታላላቅ ተዋንያን አንዱ ሆነ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ከባድ ቃል መሸከም ከቻሉት ጥቂቶች መሐል ስሙ ይጠራል። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አረፈ።

እሱ ሙያውን ሲጀምር «ተዋናይ ነኝ» ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት የተከፈተው በ1948 ዓ.ም.። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ የሴቷን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይሠሩ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ የሆነችው አስናቀች ወርቁ በክራሯ ስንቱን ስታስደስት ኖራ፣ ሰው ግን «የማን ልጅ አገባች?» የሚለውን ያህል «እንዴት ሠራች?» ብሎ አልጠየቀላትም። የእኛ አገር ደግሞ የአዝማሪ አገር ነው። ያለ አዝማሪ ሠርግ አይደምቅም። ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ግን የለም። ብሩን ግንባሩ ላይ እንለጥፍለታለን፤ ሲወጣ ስሙን በስድብ እንጠራዋለን።

ይሄ የእኛ ብቻ ነው እንዳትሉ። አየርላንድ ውስጥ ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ የሚባል ሰው ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. ደብሊን ተወለደ። ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ማታ አቤይ በሚባለው ቴአትር ቤት ይሠራል። አለቆቹ እንዳይቀየሙት ለመድረኩ ሌላ ስም አወጣ፤ ባሪ ፊትዝጄራልድ። አርባ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ የመንግሥት ሥራውን አልለቀቀም። ቁመቱ አጭር፣ መልኩ የሰፈር አጎት መልክ። ልጅቷን የሚያገባው መልከ መልካም እሱ አይደለም፤ እሱ ሽማግሌው፣ ሰካራሙ፣ ነገረኛው ጎረቤት፣ ቄሱ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በተሠራ ፊልም ላይ አንድ አዛውንት ቄስ ሆኖ ሠራና ለዚያው ለአንድ ሥራ ለመሪ ተዋናይነትም ለደጋፊ ተዋናይነትም ለኦስካር ታጨ። ደንቡን በኋላ ቀየሩት፤ ሽልማቱን ግን በደጋፊነቱ ወሰደ። ዳኞቹም እንደ አባቴ «ይሄ ሰው ስንት ነው?» ብለው ግራ ሳይጋቡ አልቀሩም።

የዚህ ዓይነት ተዋናይ ነገሩ ይሄ ነው። መሪው ተዋናይ መልኩን ይዞ ይመጣል፤ በየፊልሙ ራሱን ነው የምናየው። ይሄኛው ግን መልኩን ቤቱ ትቶት ይመጣል። ሌሎችን ለማሳየት እሱ ይጠፋል። ሥራው ሲሳካለት እሱን አናየውም። ካላየነው ደግሞ አናመሰግነውም። ከዚህም የሚብሰው አለ፤ የሠራውን ክፉ ሰው ለሱ እንሰጠዋለን። አበበ ባልቻ «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አስናቀን ሆኖ ሲሠራ በስንቱ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተፈረደ እናንተው ታውቃላችሁ። ያ እርግማን እኮ ለባለሙያው ዲፕሎማ ነው!

የምናስታውሳቸው ደግሞ ሲታመሙ ነው። ፈቃዱ ተክለማርያምን አስቡት። እሱም እንደ ወጋየሁ የመድረክ አውራ፣ የሬዲዮ ተራኪ ነበር። ኩላሊቱ ሲታመም ነው አገሩ ሁሉ ገንዘብ ይዋጣ ያለው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አረፈ። መዋጮው መልካም ነው፤ ሰው መሆን ነው። ግን ባለሙያው ቆሞ ሲሠራ የሚገባውን ብንሰጠው ኖሮ ስንት መዋጮ ይቀርልን ነበር?

ወደ አባቴ ልመለስ።

የወጋየሁ ሞት እኛ አገር በጊዜው አልተሰማም። ዘመኑ የጦርነት ነበር፤ ጦርነቱ ደግሞ በደጃችን። እኔ የሰማሁት ዘግይቼ፣ አዲስ አበባ ለትምህርት ከመጣሁ በኋላ ነው። ፎቶውን መጀመሪያ ያየሁትም ያኔ ነው። ፎቶውን አይቼ ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ቤታችን ያደረ ሰው መንገድ ላይ ባገኘው ኖሮ ሰላም ሳልለው አልፌ እሄድ ነበር!

ለክረምት አገሬ ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«አባ፣ ያ የሬዲዮው ሰውዬ ሞቷል።»

«ውይ! የትኛው?»

«እ?»

«የትኛው ነው የሞተው? ፊታውራሪው? ወይስ ካሣ?»

«ሁሉም ናቸው አባ። አንድ ሰው ነበር።»

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ፣

«የልጅቷም?» አሉ።

«የልጅቷም።»

«ሙያው ምን ነበር?»

«ተዋናይ። ቴአትር ሠሪ ነው።» ትንሽ ፈራሁና ጨመርኩ፤ «አያ የሠራውን ዓይነት።»

አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ደጅ ወጡ። አጥሩ ሥር ቆመው ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሱም። የእኛ አባቶች ይቅርታ አያውቁበትም። አያውቁበትም ስላችሁ አይሰማቸውም ማለቴ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ታመሙ። እግራቸው ከዳቸውና መደብ ላይ ዋሉ። ጠና አሉ ሲባል ሄድኩ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። የገበያው ሁካታ ቤት ድረስ ይሰማል። ዕድሜ ልካቸውን አንድም ዓርብ ገበያ ሳይወጡ የቀሩ ሰው አይደሉም። ማታ አያ ሚዛኑን ተሸክሞ ገባ። ደክሞታል። አባቴ አዩትና፣

«እስኪ ና፤ ተቀመጥ» አሉት። «ገበያውን አምጣልኝ።»

አያ አልገባውም። «ምን ልግዛልዎ?» አላቸው።

«እንድትገዛልኝ አይደለም። እንደ ድሮው አምጣልኝ። ድሮ ለእናትህ ታመጣላት እንደነበረው።»

ለካስ ያውቁ ኖሯል!

አያ ያኔ ጎልማሳ ነው፤ የልጆች አባት። ከአሥር ዓመት በላይ አልሠራውም። መጀመሪያ ድምፁ ተያዘ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እኔን አየኝ፣ እናቴን አያት። ከዚያ ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ጨው ሻጯ መጣች። አርጅታለች፤ መሐላዋ ግን እንዳለ ነው። ደላላው መጣ፤ በቅሎዋ አሁንም ዕድሜዋ አልጨመረም። አዲስ ሰዎችም መጡ፤ እኔ የማላውቃቸው የዘመኑ ሰዎች። እነዚያን ሁሉ ዓመታት አያ ሚዛን ብቻ አልነበረም የያዘው፤ ሰው ይሰበስብ ነበር። አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ያዘች።

ሳቃቸው ሲበርድ አባቴ፣ «እኔንስ?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አያ ብዙ ቆየ። እኔ በልቤ ያንን ማታ እንዳያመጣው፣ ያንን «አዝማሪ ልጅ አልወለድኩም»ን፣ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ቢያመጣውም መብቱ ነው።

አላመጣውም። እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ገበሬ፣ ከሞፈሩ የተመለሰ፣ ሬዲዮ ሲያዳምጥ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ ያ አባቴ የሚያምራቸው ነገር ሲመጣ የሚታይ ትንሽ ፈገግታ። አንድም ቃል አልተናገረም።

አባቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

«እንዲህ ነኝ?»

«አዎ አባ። እንዲህ ነዎት።»

«ደግ ሰው እመስላለሁሳ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ወገኖቼ፣ እያንዳንዱ ገበያ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ሁላችንንም የሚያይ፣ የሚያስታውስ፣ ሁላችንንም መሆን የሚችል። ሩቅ ከሆነ ሬዲዮ ገዝተን እንሰማዋለን። ቤታችን ከተወለደ ግን አፉን እናስይዘዋለን። «ዶክተር ሁን፣ ኢንጂነር ሁን፤ ይሄ ቀልድ እንጀራ አይሆንም» እንለዋለን። እውነት ነው፣ ለብዙዎቹ እንጀራ አልሆነም። ግን እንጀራ ያልሆነላቸው ሥራው ቀልድ ስለሆነ ነው ወይስ እኛ እንጀራውን ስለከለከልናቸው?

አየር ጤና ስንደርስ ተማሪዋ ከኔ ቀድማ ተነሳች። ከበሩ ላይ ዞር ብላ፣

«ጋሼ፣ ስሙን ማን ነው ያሉኝ?» አለችኝ።

«አልነገርኩሽም። ወጋየሁ ንጋቱ ነው።»

እየወረደች ስልኳ ላይ ጻፈችው።

እኔም ወርጄ አርብ ገበያ ደወልኩ። አያ አነሳ። ከጀርባው አህያ ይጮሃል፣ ሰው ይከራከራል። ለካ ዓርብ ኖሯል። የታክሲውን ነገር፣ የልጅቷን ጥያቄ ነገርኩት። ሳቀ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ በሌላ ድምፅ፣ በአባታችን ድምፅ፣

«ትንፋሹ አይበቃውም!» አለኝ።

ቸር ይግጠመን።